አንጓች ያሻገረችው አፈር

ወጨፎ በጣና ላይ ካሉት ደሴቶች ሁሉ ትንሿ ናት ይላሉ የራሷ ሰዎች፤ ትንሽነቷንም እንደ ማዕረግ ይናገሩታል። ከቤተ ክርስቲያኗ ጓሮ አንዲት ጉብታ አለች። ጉብታ ለማለትም አታስደፍርም፤ ያልተነገረው እንግዳ ረግጧት ያልፋል። ቀረብ ብሎ ላስተዋላት ግን አፈሯ የአንድ አገር አፈር አይደለም፤ ከወዲህ ቀይ ነው፣ ከወዲያ ጥቁር መረሬ፣ መሐሉ አመድማ፣ አንዳንድ ቦታም የወንዝ አሸዋ ተቀላቅሎበታል። ሰዎቹ «አንጓች አፈር» ይሏታል። ከማዶ የሚመለስ የደሴቲቱ ሰው፣ ገበያም ይሁን ሰርግ ወይም ሐኪም ቤት ደርሶ የሚመለስ፣ እፍኝ አፈር ይዞ ይመጣና ቤቱ ሳይገባ እዚያ ይበትናል። በሞተር ጀልባ የሚመላለሱት ወጣቶች ሳይቀሩ በፌስታል ቋጥረው ያመጣሉ። ጀልባ ዳርቻውን ሲጠጋ ዳር ላይ ያለ ሰው «ምን አመጣችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የተጫነው ጨውም ይሁን በርበሬ፣ ወይም ቆርቆሮ፣ መልሱ «አፈር» ነው። እንግዳ ይስቃል። እኔም በመጀመሪያው ቀን ስቄ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ነገሩን ከነገሩኝ በኋላ ግን ሳቄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

እንደሚነገረው የወጨፎ ቀደምቶች ሸሽተው የመጡ ናቸው። ከምን እንደሸሹ አንዱ ሽማግሌ ከጦር ነው ሲል ሌላው ከግብር ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ከሚስቶቻቸው ዘመዶች ነው ብሎ ያስቃል። በአንድ ነገር ግን ሁሉም ይስማማሉ፤ ሲደርሱ ያገኙት ድንጋይ ነው። አፈር የነበረው በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ባለች ረባዳ ቦታ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ግማሹ ለጌሾና ለዳጉሳ፣ ግማሹ ለሙታን ተከፈለ። ለሙታን የደረሰው ጥቂት ስለነበረ አንድ መቃብር ለብዙ ሰው ያገለግል ነበር፤ የቀደመው ሰው ሥጋው ሲያልቅ አፅሙ ተለቅሞ ከድንጋይ ስንጥቅ ይገባና ቦታው ለተረኛው ይለቀቃል። የወጨፎ ሰው መቃብርን እንደ ወፍጮ ተራ ነው የሚጠብቀው እያሉ የማዶ ሰዎች ያሾፉባቸው ነበር ይባላል። ማዶ የሚሉት ከሐይቁ ወዲያ ያለውን የብስ ሁሉ ነው።

ከዚህ ጥበት አንድ ሥርዓት ወጣ። ወጨፎ ያልተወለደ ወጨፎ አይቀበርም ተባለ። ሥርዓቱ ለሰሚው ቀላል ይመስላል፤ ችግሩ ግን የደሴቲቱ ሰው እርስ በርሱ ሁሉ ዘመድ በመሆኑ ወንዶቹ ሚስት የሚያመጡት ከማዶ ነበር። ስለዚህ ልጆቹ የወጨፎ፣ እናቶቹ የማዶ ሆኑ። አንዲት ሴት በልጅነቷ ተድራ ትመጣለች፣ ትወልዳለች፣ ልጆቿን ትድራለች፣ ጥርሷ ይረግፋል፤ ስሟ ግን ያው «የማዶ ሴት» ነው። ክፉ አልነበርንባቸውም ይላሉ ሽማግሌዎቹ፣ ሳይጠየቁ። እውነትም ክፉ አልነበሩ ይሆናል።

የማዶ ሴት ታማ አልነሳ ስትል ወንዶቹ ወደ ሐይቁ ዳር ይወርዱና ደንገል ይቆርጡላታል። በዘመኑ ታንኳ የሚታሰረው ከደንገል ብቻ ነበር፤ በሽተኛዋን ውሃ በጠገበ አሮጌ ታንኳ ማሻገር ደግሞ ትልቅ ነውር ነው። አዲስ ታንኳ ይታሰርላታል፣ ስንቅ ይሰነቅላታል፣ ከዘመዶቿ ደጅ ተወስዳ እንድትሞት ትደረጋለች። ለእናቱ ያማረ ታንኳ ያሰረ ልጅ ይመሰገን ነበር። ደሴቲቱ ጠባብ ናትና ደንገሉ ሲቆረጥ፣ ሲጎተት፣ በገመድ ሲጠብቅ፣ ሴትዮዋ ከተኛችበት ትሰማለች። «ደንገል ተቆረጠላት» ከተባለ ነገሩ አበቃ ማለት ነው። ሲሸኟት አልሞተችምና አይለቀስም፤ መርዶዋ በገበያ ቀን ሲመጣ ደግሞ ቆይቷልና አይለቀስም። እንዲህ ሆኖ ብዙ ሰው ለእናቱ ሳያለቅስ ኖረ።

አንጓች የመጣችው ዋርካው ሥር ከሚባል ቀይ አፈር ካለው የማዶ መንደር ነው ይባላል። ባሏ ቢያድግልኝ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ አንድ ከሰዓት ነፋስ ተነስቶ ሐይቁ ወሰደው፣ ሬሳውም አልተገኘ። የቀራት አንድ ልጅ፣ አዝመራው የሚባል፣ ገና በእግሩ መሄድ እንደጀመረ ኩፍኝ ገደለው። እሱ የወጨፎ ልጅ ስለሆነ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀበረ። ከዚያ በኋላ አንጓች የባሏን ወንድም ልጅ ሸጋውን ተጠግታ፣ ጌሾ እየሸጠች ኖረች። ሸጋው የደሴቲቱ ጎበዝ ታንኳ አሳሪ ነበር። እሷ ብዙ የማትናገር ሴት ነበረች፤ ጠዋት ጠዋት ከልጇ መቃብር አጠገብ ትቀመጥና ጌሾዋን ትለቅማለች፣ ሲመሽ ትነሳለች። ታለቅስ ነበር ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር። «ኧረ እሷስ ስታለቅስ አልታየችም» አሉኝ።

አንድ ክረምት መውጫ ላይ ደረቷን ያዛትና ተኛች። የደሴቲቱ ጭቃ ሹም ዘለቀ የሚባል፣ ቁመናው ያማረ፣ ከሥርዓት ፍንክች የማይል ሽማግሌ ነበር። መጥቶ አያትና ሲወጣ ሸጋውን ጠርቶ በጆሮው የሆነ ነገር ነገረው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከዳር የደንገል ድምፅ ተሰማ።

ሸጋው ውሃ ሊያቀምሳት ሲገባ፣ «ለማን ነው የምታስረው?» አለችው።

«ለገበያ ነው እታለም።»

«ለገበያ ደግሞ መቼ በእርጥብ ደንገል ታስር ነበር?»

ሸጋው ውሃውን አቅምሷት ወጣ። በማግስቱ ዘለቀ ሲመጣ አንጓች ቀና ለማለት ሞክራ፣ «አያ ዘለቀ፣ ልጄ እኮ እዚህ ነው» አለችው።

«እሱ የወጨፎ ልጅ ነው፤ እዚህ ይረፍ።»

«እኔስ?»

«አንቺ ዘመድ አለሽ።»

«ከክፉ ቀን ወዲህ ከዘመዶቼ ገበያ የወጣ አላየሁም።»

«ሰው ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል እንዴ?» አለና ተነስቶ ወጣ። ከዚህ በላይ አልተነጋገሩም ይባላል።

አሻገሯት። ሸጋውና አንድ ሌላ ቀዛፊ ዋርካው ሥር ሲደርሱ ግን መንደሩ ሰው አልነበረበትም። ከብቱ አልቆ፣ ረኃቡ ገብቶ፣ የተረፈው ሰው ወደማይታወቅ አገር ተሰዶ ኖሯል፤ ቤቶቹ ወድቀዋል፣ ዋርካው ብቻ ቆሟል። ሰዎቹ አንጓችን ከዋርካው ጥላ አስተኟትና ተቀመጡ። የሚረከባት የለም። ጥለዋት እንዳይሄዱ ሰው ናቸው፤ ይዘዋት እንዳይመለሱ ሥርዓት አለ። እንድትሞት ጠበቁ፤ ይህን ሽማግሌዎቹ ሲናገሩት ድምፃቸውን ዝቅ አያደርጉም፣ እንዲያው የሆነ ነገር ነው ብለው ይናገሩታል። እሷ ግን አልሞተችም። የማዶው ደረቅ አየር ደረቷን ለቀቅ አደረገላት፤ ስንቁ ሊያልቅ ሲል ተነስታ ቁጭ አለች፣ ከዚያም ቆመች። እየተደገፈች ወደ አባቷ ቤት ፍርስራሽ ሄደችና ስንቅ የመጣበትን እንቅብ አጠገቧ አድርጋ በእጇ ትቆፍር ጀመር።

«እታለም፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ሸጋው።

«አፈር እየያዝኩ።»

«ለምን?»

«አፈራችን አይበቃም አይደል የምትሉት። የራሴን ይዤ ልምጣ። ተነሱ እንሂድ።»

ዕቃ የሌላት ደሴት ናትና ከማዶ ታንኳ ሲመጣ ዳር የቆመው ሰው ገና ከሩቅ «ምን አመጣችሁ?» ብሎ ይጣራ ነበር፤ ጨው መጥቶ ይሆን፣ ጤፍ መጥቶ ይሆን ለማወቅ ነው። የዚያን ቀን የተጣራው ራሱ ዘለቀ ነበር ይባላል። ከታንኳው ላይ የመለሰችው አንጓች ናት። «አፈር» አለች። ሰው ሳቀ። ሞታለች የተባለች ሴት ድንጋይ ላይ አፈር ይዛ ስትመጣ ሌላ ምን ይደረጋል። ዘለቀ ግን አልሳቀም፤ ሸጋውን ብቻ አንድ ጊዜ አይቶት ወደ ቤቱ ሄደ።

አንጓች አፈሯን ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ፣ ከአጥሩ ውጪ፣ ከልጇ መቃብር ትይዩ ካለው ባዶ ድንጋይ ላይ ገለበጠችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸጋው ገበያ በሄደ ቁጥር አብራ ትሄዳለች። የደንገል ታንኳ ብዙ አይሸከምም፤ ለአንድ ሰው የሚፈቀድለት አንድ ሸክም ነው። ሌላው ጨው፣ እህል፣ በርበሬ ሲጭን እሷ አፈር ትጭናለች። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ጨው ገዝታ አታውቅም፤ ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬ ስትበላ ኖረች። ጎረቤት አዝኖ ጨው ሲሰጣት ትቀበላለች፣ ካልሰጣት አትጠይቅም።

በመጀመሪያው ክረምት ያከማቸችውን ሁሉ ዝናቡ ጠርጎ ሐይቅ ውስጥ ከተተው። ጠዋት መጥታ ባዶውን ድንጋይ አየችው። ምን ተሰማሽ ቢሏት «ምንም» አለች፤ ውሸቷንም አልነበረም ይላሉ። ድንጋይ ለቅማ ዙሪያውን ካበችና እንደገና ጀመረች። የደሴቲቱ ሰው አልረዳትም፣ አልከለከላትምም። አንድ ሰው በየቀኑ የሚያደርገውን ነገር ሌሎች ማየት ያቆማሉ፤ አንጓችንም እንዲሁ ማየት አቆሙ።

ያላቆመ ዘለቀ ብቻ ነበር። ስለ እሱ የሚነገረውን ሽማግሌዎቹ ካልቆዩ አይነግሩም። ዘለቀ ገና ጎረምሳ ሳለ የራሱን እናት ያሻገራት እሱ ነው። በዘመኑ ያንን የመሰለ ታንኳ ታስሮ አያውቅም ይባላል። ማዶ ሲደርሱ ሊያወርዳት ሲያነሳት የታንኳውን ጠርዝ ጨብጣ አልለቅ አለች። አልተናገረችም፣ አልለመነችም፤ ጨበጠች ብቻ። ዘለቀ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቃቸውና ለወንድሞቿ አስረከባት። እሱ ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ያወራው አብሮት የቀዘፈው ሰው ነው። እንግዲህ ለአንጓች ወጨፎ መቀበር ከተፈቀደላት ለእናቱም መፈቀድ ነበረበት ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ዘለቀ ሊችለው አይችልም። የሥርዓት ሰው ያደረገው ይኸው ነው እንጂ ጭካኔ አይመስለኝም።

አንድ ቀን ከቅዳሴ ሲወጣ ከካቡ አጠገብ ቆመ።

«ይህ ሁሉ ልፋት ለአንዲት ጉድጓድ ነው?»

«አንተማ ሳትለፋ ታገኛታለህ አያ ዘለቀ። እኔ ምን ላድርግ?»

«ተራራ ብታደርጊውም አልፈቅድም።»

«አልጠየቅሁህም እኮ» አለችና ጎንበስ ብላ የተንሸራተተውን ድንጋይ ወደ ቦታው መለሰች።

አንጓች የሞተችው ማዶ ነው። በገበያ ቀን እንቅቧን ሞልታ ከሐይቁ ዳር ተቀመጠች፤ ሸጋው ሽያጩን ጨርሶ ሲመጣ እንቅቡን ተደግፋ አገኛት። ጠራት፣ አልመለሰችም። ሸጋው ረጅም ጊዜ ቆሞ እንዳያት ይነገራል። ለሥርዓቱ ከዚህ የበለጠ ምቹ ነገር አልነበረም፤ የማዶ ሴት ማዶ ሞታለች፣ ደንገል መቁረጥ የለ፣ ማሻገር የለ፣ በአቅራቢያው ላለ ደብር ነግሮ መመለስ ነው። ከማዶ ወደ ወጨፎ ሬሳ ተሻግሮም አያውቅም። ሸጋው ጨውና እህሉን ከታንኳው አወረደና ለገበያተኛ ትቶት፣ አንጓችን በነጠላዋ ሸፍኖ አስተኛት፤ እንቅቡን ከእግሯ ሥር አስቀምጦ ቀዘፈ።

ዳር ላይ ዘለቀ ነበር። «ምን አመጣህ?»

«አንጓችን፣ ከነአፈሯ።»

ሰው ተሰበሰበ። ዘለቀ ነጠላውን አላስገለጠም። ሁሉም ዘለቀ አፉን እንዲከፍት እየጠበቀ ነው፤ እሱ ግን ሸጋውን አላየም፣ ሬሳውን አላየም፣ ውሃውን ነው የሚያየው። በመጨረሻ «ሐይቅ ላይ አትተዋት፤ ወደ ላይ አውጧት» አለ። ይህ ፈቃድ ይሁን አይሁን ማንም አልጠየቀውም።

ቄሱ ፍትሐቱን አደረሱ፤ ወንዶቹ የአንጓችን አፈር ወደ ጎን ጠርገው ድንጋዩ ላይ አጋደሟትና መልሰው ያለብሷት ጀመር። እግሯን ሸፈነ፣ ወገቧን ሸፈነ፤ ደረቷ ላይ ሲደርስ አለቀ። የመጨረሻውን እንቅብ ገለበጡ፤ እሱም ትከሻዋ ላይ ቀረ። ስንት ዓመት የተለፋበት አፈር፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናብ እየቀነሰበት፣ ለአንዲት የከሳች ሴት አልበቃም። ሰው ሁሉ ፊቷን የሸፈነውን ነጠላ እያየ ቆመ። አንዲት ሴት ወደ መቃብር ቦታው ሮጣ ከሌላው አፈር በሁለት እጇ ዘግና ስትመጣ ዘለቀ ክንዷን ያዛት።

«መልሽው» አለ። «የሰው አፈር ወስዳ ተቀበረች እንዳትባል።»

ያኔ ቄሱ እንኳ «አቶ ዘለቀ፣ ለእግዜር ብለው» አሉት ይባላል። እሱ ግን እንቅቡን አንስቶ ወደ ዳር ወረደና አንጓች የመጣችበትን ታንኳ ብቻውን ገፍቶ ገባ። ከሰዓት ነበር፤ የቢያድግልኝ ነፋስ የሚነሳበት ጊዜ ነው። ዘለቀ ደግሞ ለመቅዘፍ ያረጀ ሰው ነበር። ማንም አልተከተለውም፤ መከልከሉም መሄዱም አልገባቸውም። አንጓችን በደንገል ሸፍነው ተራ በተራ ጠበቋት።

በማግስቱ ጠዋት ታንኳው ሲታይ ዳር ያለው ሰው ከልማድ የተነሳ ተጣራ።

«ምን አመጣህ አያ ዘለቀ?»

«አፈር።»

«ከየት?»

«ከእናቴ።»

ከዚያ ሌላ አልተናገረም። የወጨፎ ሰዎች አብዛኞቹ የእናቱን መቃብር አግኝቶ ከላዩ አፈሰ ይላሉ። የሸጋው ዘሮች ግን እንዲህ አይሉም። እንደነሱ ከሆነ ዘለቀ እናቱን ካወረደበት መንደር ሲደርስ መቃብሯን የሚያሳየው አላገኘም፤ የወንድሞቿ የልጅ ልጆች ስሟን አያውቁትም። ከደብሩ አጥር ውስጥ ሲዞር ቆየና ሣሩ ከበዛበት ቦታ ተንበርክኮ አፈሰ። የእናቱ ይሁን የሌላ ሰው እሱም አላወቀም። እኔ ይህኛውን አምናለሁ፤ ምክንያቱም ሰው ሲዋሽ ነገሩን ያሳምረዋል እንጂ እንዲህ አያጎድለውም።

አፈሩ ጥቁር መረሬ ነበር። በቀዩ ላይ ዘለቀ በገዛ እጁ አለበሳት፤ ትከሻዋንም፣ ፊቷንም። አፈሩ በቃ። ያለቀሰ ሰው አልነበረም ይባላል። ዘለቀ መዳፎቹን አየት አደረገና ሳይታጠባቸው ቤቱ ገባ።

አዋጅ አልተነገረም፣ ሽንጎም አልተቀመጠ። ደንገል ግን ከዚያ ወዲያ ለማንም ሴት አልተቆረጠም። ለገበያ የሚሻገሩት ሰዎች ሲመለሱ እንቅባቸው ሥር ትንሽ አፈር መያዝ ጀመሩ፤ አንዱ ከእናቱ መንደር፣ አንዱ ከአያቱ፣ አንዷ ከተወለደችበት ደጅ። ሲጠየቁም አንጓች የመለሰችውን መለሱ። ጉብታዋ ከካቡ አልፋ ወረደች፤ የማዶ ሴቶችም እዚያው ይቀበሩባት ጀመር፤ ዛሬም ይቀበሩባታል። ባለፈው ስሄድ ከጉብታዋ ጥግ ጌሾ የምትለቅም አንዲት አሮጊት አግኝቼ «እማማ፣ እርስዎ የየት ነዎት?» አልኳቸው። በአገጫቸው ወደ ጉብታዋ አመለከቱኝ። «ያ አመድማው የኔ ነው» አሉ፤ ለቀማቸውንም አላቋረጡም።

ዘለቀ ያለበሰው ጥቁር አፈር የት እንደሆነ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከራስጌ በኩል ነው። እናቱ ማዶ ተሻግራ የት እንደተቀበረች የማያውቅ፣ አያቱን የማያውቅ፣ ከየት እንደሚያፍስ የጠፋው ሰው፣ ካገኘበት ቦታ አፍሶ ይመጣና እዚያ ላይ ይበትናል። ጉብታዋን ዞሬ ሳያት ከሁሉም ከፍ ያለችው በዚያ በኩል ነው።